ከቀኝ አፍንጫዬ የሚወርደው ውሃ

ጥር 18፣ ሰኞ፣ ጠዋት 4፡15

ከዓርብ ወዲህ ሦስተኛው ጠብታ። ይኼኛው ፊርማ ላይ አረፈ። የስብሰባ ጥሪ ነው። ጓድ ደምሴ ፈርሞበታል፣ ማኅተም ተመትቶበታል፣ የቀረኝ ፖስታ ውስጥ መክተት ብቻ። ጎንበስ አልኩ። ጠብ። የ«ደምሴ» «ደ» ሟሙታ ወደ ማኅተሙ ፈሰሰች። አጠገቤ የምትቀመጠው ታይፒስት ዘርፌ አፏን አፍና ሳቀች። ጓድ ደምሴ አልሳቀም። የቅርንጫፍ ጽ/ቤታችን ኃላፊ ነው፣ በፊርማው አይቀለድም።

«ጓድ አስካለ፣ ጉንፋንሽ ዓመት አለፈው። ጉንፋን ዓመት አይቆይም። አሻጥር ግን ይቆያል።»

ይህን ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። አሻጥር! በዚህ ቃል ስንት ሰው እንጀራውን እንዳጣ ታውቃለህ ደብተሬ። እኔም መለስኩለት። ጉንፋን ነው ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ጉንፋን ነው ያሉት ሌሎች ናቸው አልኩት። ሌላ ወረቀት አስገብቼ እንደገና ጻፍኩ። ቁልፎቹን እየደበደብኩ። በንዴት እንጂ በፍርሃት አይደለም። (ትንሽ በፍርሃትም።)

ማታ 12፡30

አንተ አዲስ ነህና ከመጀመሪያው ልንገርህ። አምና ጥቅምት ከዝዋይ ስንመለስ መቂ አጠገብ የመ/ቤቱ ላንድሮቨር ተገለበጠ። ሹፌሩን ከኋላ አስቀምጦ መሪውን የያዘው ጓድ ደምሴ ራሱ ነበር። ግንባሬ ከፊት ለፊቱ ብረት ጋር ተጋጨ። አፍንጫዬ ደማ። ደሙ ቆመ። በሦስተኛው ሳምንት ውሃ ጀመረኝ። ንጹሕ ውሃ፣ ከቀኝ በኩል ብቻ። ጎንበስ ስል ይወርዳል። ስተኛ ጉሮሮዬን ጨው ጨው ይለኛል። ስቆም ራሴ ሊፈነዳ ይደርሳል።

የአደጋውን ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ ሲናገር፣ እኔ በታይፕ። «በሠራተኞች ላይ የደረሰ ጉዳት የለም» አለ። ጻፍኩ። ግንባሬ በፋሻ ታስሮ ነው የጻፍኩት። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ናዝሬት ሆስፒታል። ዶ/ር ገመቹ የሚባል አዲስ ሐኪም። ልጅ እግር፣ የአሰላ ልጅ። እስከዛሬ ያየኝ ሁሉ የአፍንጫ ጠብታ ነው የሚጽፍልኝ። አንዱ ትዳር የፈታች ሴት ስትጨነቅ እንዲህ ያደርጋታል አለኝ። ትዳሬን ከፈታሁ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አፍንጫዬ እስካሁን ምን ይጠብቅ ነበር?

ይኼኛው ግን ጠየቀኝ። የቱ ቀዳዳ ነው? ስትተኚ ምን ይልሻል? ጣዕሙ ምን ይመስላል? ጣዕሙን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው። ከዚያ ራሴን ጉልበቴ መካከል አስደፍቶ ከሥር ትንሽ ብልቃጥ ያዘ። አምስት ደቂቃ፣ ምንም። አሥር ደቂቃ፣ ምንም። ወገቤ ተቆረጠ። እሱም ብልቃጡን ይዞ እንደተንበረከከ ነው። ከዚያ ጠብ። ጠብ። ጠብ።

የስኳር በሽተኞችን ሽንት የሚመረምሩበትን ወረቀት ነከረበት። ቀለሙ ተለወጠ። ይህ እርግጠኛ ማስረጃ አይደለም ግን ጥርጣሬዬን ያጠነክረዋል አለ። ተራ ንፍጥ ስኳር ብዙም የለበትም። አንጎላችን የተቀመጠው ውሃ ውስጥ ነው፣ ያ ውሃ ስኳር አለበት። በአንጎልና በአፍንጫ መካከል ያለው አጥንት እንደ ብርጭቆ ስስ ነው፣ ሳይሰነጠቅብሽ አልቀረም አለኝ።

የአንጎሌን ውሃ ነው ለካ በመሐረብ ስጠርግ የከረምኩት።

ኅዳር ላይ ማጅራት ገትር ይዞኝ ሁለት ሳምንት መተኛቴን ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። «እህቴ፣ በሩ ክፍት ነው። ኅዳር ላይ የገባው ነገር ተመልሶ ይገባል። ሁለተኛ ጊዜ ላያስተርፍሽ ይችላል።»

ራጅ ቀዳዳውን አላሳየም። አዲስ አበባ ትልቁ ሆስፒታል አይሶቶፕ ክፍል የሚባል አለ። ጨረር ያለው መድኃኒት ከጀርባ ይወጋሉ፣ መድኃኒቱ ከውሃው ጋር እስከ ራስ ይወጣል፣ በመሣሪያ ይከተሉታል፣ የት እንደሚያፈስ ያያሉ። ደብዳቤ ጻፈልኝ። ስልክ ደውሎ ቀን ሊይዝልኝ ነው።

ጥር 22፣ ዓርብ፣ ቀትር

ፈቃድ ጠየቅሁ። የሐኪሙን ደብዳቤ አያይዤ። ጓድ ደምሴ አነበበ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ከአደጋው የተነሣ የሚለውን መስመር በጣቱ መታ መታ አደረገ። የትኛው አደጋ? ሪፖርቱ ጉዳት የለም ይላል፣ ደግሞ አንቺው ነሽ የጻፍሽው አለኝ። እኔ የጻፍኩት አንተ ያልከውን ነው አልኩት። አንተ ብዬው እንደነበር ከክፍሉ ከወጣሁ በኋላ ነው የታወቀኝ።

ፈቃዱ ተከልክሏል። የዓመቱ ሪፖርት ሳያልቅ ማንም ንቅንቅ አይልም።

ለአባባ ነገርኳቸው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያለ ትኬት የሚሳፈር አይወዱም፣ ትኬት ይዞ የሚከለከልም አይወዱም። ነግሬያቸው ስጨርስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ሊቶሪና፣ የፈጣኑን ባቡር፣ ሰዓት ነገሩኝ።

ጥር 27፣ ረቡዕ፣ ከሰ. 9፡00

ዶ/ር ገመቹ ቢሮ ድረስ መጣ! ጋዋኑን ሳያወልቅ። በር ላይ አስጠርቶኝ ነገረኝ። መድኃኒቱ ከውጭ አገር በአውሮፕላን ነው የሚመጣው፣ ነገ ይገባል። ከተሠራበት ሰዓት ጀምሮ ኃይሉ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፣ አስቀምጡልኝ አይባልም። ዓርብ ጠዋት ስምሽ ተይዟል። ካልደረስሽ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ እነሱም አያውቁም።

ፈቃድ የለኝም አልኩት። እሱም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። «እኔ ልነግርሽ የምችለው ሕክምናውን ነው» አለ። «ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ታይፑን ሸፈንኩት። የጀመርኩትን ገጽ ጨርሼ ዘርፌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ነገ አልመጣም፣ የት ነች ካለ ሐኪም ቤት በይው አልኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። እኔን አታስገቢኝ አለች። አላስገባሽም አልኳት።

ጥር 28፣ ሐሙስ፣ ሊቶሪና ላይ

ጽሑፌ ቢንቀጠቀጥ ሐዲዱን ውቀስ። ጣቢያው ላይ የመ/ቤቱ ጥበቃ ያየኝ መሰለኝ። ይየኝ። አባባ አብረውኝ ናቸው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው የሚሄዱት፣ ሠራተኛው ሁሉ ባርኔጣውን እያነሣ ሰላም ይላቸዋል። መቀመጫ አገኙልኝ። ሊቶሪናው ሲነቃነቅ እንደ ፈረንሳዮቹ አለቆቻቸው «አሎን!»፣ እንሂድ፣ አሉ። ከጡረታ ወዲህ ሲሉት ሰምቼ አላውቅም።

ሞጆ። ወታደሮች መታወቂያ አዩ። ለምን ትሄጃለሽ? ለሕክምና። የመ/ቤት ደብዳቤ? ከአፌ ቃል ሳይወጣ አባባ የሆስፒታሉን ደብዳቤ ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉለት፤ በፊት ትኬት ሲቀበሉ ይዘረጉት በነበረው እጅ። ወታደሩ ማኅተሙን አየና መለሰላቸው።

ራሴ ይፈልጣል። መሐረቤ ረጥቧል። ግድ የለም፣ ይፍሰስ። ነገም እንዲህ ይፍሰስልኝ።

ጥር 29፣ ዓርብ፣ ከሰ. 10፡00፣ አዲስ አበባ

በጀርባዬ ተኝቼ ነው የምጽፈው። ደብተሬ፣ አንተን ወደ ላይ ይዤ። እስኪርቢቶው እየነጠፈ ያስቸግራል።

አይሶቶፕ ክፍል ምድር ቤት ነው። ኮሪደሩ ላይ እንቅርት ያለባቸው ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ፣ ከሁሉም ክፍለ ሀገር። አፍንጫዋ የምታፈስ እኔ ብቻ ነኝ። የመሣሪያው ሠራተኛ ራሔል ትባላለች፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ደረቷ ላይ ጨረር የሚለካ ትንሽ ፊልም ለጥፋለች። መድኃኒቱ ከእርሳስ በተሠራ ከባድ ሣጥን ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው ነገር ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም።

በጎኔ አስተኝተው እንደ ሕፃን አኮራመቱኝ። ዶ/ር መስፍን፣ የክፍሉ ሐኪም፣ መርፌውን በጀርባ አጥንቶቼ መካከል አስገባ። መጀመሪያ ትንሽ ፈሳሽ በብልቃጥ ቀዳ። ራሔል አሳየችኝ። አወቅሁት! ያው ነው! ዓመት ሙሉ ከአፍንጫዬ የጠረግሁት ውሃ፣ ያው ጥራቱ፣ ያው ቅጥነቱ። ጮክ ብዬ «የኔ ነው» አልኩ። ሳቁብኝ። ከዚያ መድኃኒቱን ወጉኝ።

አፍንጫዬ ውስጥ አራት ጥጥ ከተቱ። ሁለት በቀኝ፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች፣ ሁለት በግራ እንዲሁ። ከየጥጡ ክር ወጥቶ ጉንጬ ላይ ተለጥፏል። አባባ ድመት መስለሻል አሉኝ። ውሃው ካፈሰሰ ጥጡ ይጠጣዋል፣ ጥጡ ውስጥ ያለውን ጨረር መሣሪያ ይቆጥረዋል። ከየትኛው ጥጥ ብዙ ከተቆጠረ ቀዳዳው በዚያ በኩል ነው። ቀላል ነገር። ይህን ያሰበውን ሰው እጁን ብስመው ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን መጠበቅ ነው። በጀርባ፣ ሳይንቀሳቀሱ። ትልቁ ክብ መሣሪያ በየሰዓቱ ወደ ፊቴ ይወርዳል። በመስታወቱ ላይ ነጠብጣቦች አየሁ፣ በጀርባዬ መስመር ወደ ላይ ሲወጡ። የገዛ ራሴን ውሃ ሲጓዝ አየሁት።

ጥር 30፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡00

ምንም የለም።

ጥጦቹ ተቆጠሩ፣ አራቱም ያው። ሥዕሉም ንጹሕ። ዶ/ር መስፍን ፍሳሽ አልታየም፣ አለርጂ ይመስላል ብሎ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግሽም አለኝ።

ለአፍታ አመንኩት። ደብተሬ፣ ላንተ አልዋሽም። አለርጂ ነው ብዬ፣ ጠብታዬን ይዤ፣ ጓድ ደምሴን ይቅርታ ጠይቄ... ከዚያ አሰብኩ። ከትናንት ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልወረደችም! በጀርባዬ አስተኝተው፣ አትንቀሳቀሺ ብለውኝ፣ ከየት ይውረድ?

«ዶክተር፣ እኔ ተኝቼ አይደለም የማፈሰው። ስሠራ ነው የማፈሰው። ጎንበስ ብዬ ታይፕ ስመታ።»

መድኃኒቱ አልቋል፣ ሰውነትሽ ውስጥ ያለውም እየደከመ ነው አለ። ገና ካልደከመ ይቁጠሩት አልኩ። ሌሎች በሽተኞች አሉ አለ። አሉ፣ ግን ከዚህ አልጋ አልወርድም አልኩ። አልጋውን በሁለት እጄ ያዝኩ። እንደ ልጅ። አላፈርኩም።

ራሔል ከጥግ ቀስ ብላ፣ «ዶክተር፣ ጥጥ እንኳ አለን» አለች።

ሰዓቱን አየ። እስከ ስድስት ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ግን ትሄጃለሽ አለ። ታይፕ ስጡኝ አልኩ።

ከሰ. 9፡30

ከመዝገብ ቤት አሮጌ የጽሕፈት መኪና አመጡልኝ፣ «ሠ» የማትመታ። አዲስ አራት ጥጥ። ዝቅተኛ ጠረጴዛ ለመንኩ፣ ቢሮዬ እንዳለው። ጎንበስ አልኩ። ምን ልጻፍ? ጣቶቼ አስቀድመው አወቁት። «ለዋናው መሥሪያ ቤት። ጉዳዩ፦ አምና ጥቅምት መቂ አጠገብ ስለደረሰው የመኪና አደጋ እውነተኛው ሪፖርት።»

ሦስት ሰዓት ያህል ጻፍኩ። መሪውን ማን እንደያዘ። ሹፌሩ የት እንደተቀመጠ። ግንባሬን። ፋሻውን። ማን ምን ጻፊ እንዳለኝ፣ ጽፌም እንደተሳሳትኩ። የራሴንም ጥፋት አልደበቅሁም። ራሴ ይመታል፣ ታይፑ ይመታል፣ ኮሪደር ያሉት ሰዎች በበሩ እያጮለቁ ያዩኛል፤ ከአፍንጫዋ አራት ክር የተንጠለጠለባት ሴት ታይፕ ስትመታ። አባባ አጠገቤ ቆመው ወረቀት ያቀብሉኛል። ያነባሉም።

አምስት ሰዓት ሲሆን ጉሮሮዬን ጨው አለኝ። ጮኽኩ፤ መጣ! ራሔል አታቁሚ፣ ቀጥይ አለችኝ።

ስድስት ሰዓት። ጥጦቹን በወረንጦ አውጥታ በየብልቃጡ ከተተች። መጀመሪያ ደሜን ቆጠረች፣ ለማነጻጸሪያ። ከዚያ የግራውን ላይ። የግራውን ታች። ቀይ ቁጥሮች ትንሽ ዘለሉና ዝግ አሉ። የቀኙ ታች ፈጠን አለ። የቀኙ ላይ...

ቁጥሩ አይቆምም። ይሮጣል። ራሔል ብልቃጡን አወጣች፣ መሣሪያውን ባዶውን አየች፣ መልሳ ከተተች። ያው ነው። ከሌሎቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሮጣ ዶ/ር መስፍንን ጠራች። በጎኔ አስተኝተው ሥዕል አነሡኝ፤ ከራሴ ወደ አፍንጫዬ የምትወርድ ቀጭን የነጠብጣብ መስመር። ትታያለች። እኔም አየኋት፣ አባባም አዩዋት።

ዶ/ር መስፍን የጠዋቱን ወረቀት ፈልጎ አነሣና ለሁለት ቀደደው። «ተሳስቼ ነበር፣ አስካለ» አለኝ። ሐኪም እንዲህ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። በሁለቱም ዓይኔ፣ በአፍንጫዬም።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ደብዳቤውን ለዋናው መ/ቤት በእጄ አስገባሁ። ገቢ ማኅተም አስመታሁበት። የጎደሉትን «ሠ»ዎች በእጄ ሞልቼ።

ቀዶ ሐኪሙ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቃል ይቆጥባሉ። ጸጉርሽ ይላጫል። የግንባርሽ አጥንት ይነሣል። ከጭንሽ ስስ ሽፋን ወስደን ቀዳዳውን እንለጥፍበታለን። ልትሞቺ ትችያለሽ፣ ብትተዪውም ልትሞቺ ትችያለሽ። አንድ ነገር ግን፦ የሽታ ጅማቱ እዚያው አጠገብ ነው፣ ሽታ ላይኖርሽ ይችላል።

ሐሙስ አሉ። እሺ አልኩ።

የመዝገብ ሠራተኛው ባል ይፈርም አለ። የለኝም። አባት ይፈርሙ። አባባ እስኪርቢቶውን ተቀበሉና ለኔ ሰጡኝ። አይሆንም፣ ደንብ ነው አለ ሠራተኛው። የሚቀደደው የኔ ራስ ነው፣ የምፈርመው እኔ ነኝ አልኩ። ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው። ቀዶ ሐኪሙ ከውስጥ «ትፈርም» አሉ። ፈረምኩ።

የካቲት 4፣ ረቡዕ፣ ከሰ. 11፡00

ዛሬ የማሽተት ቀን። የብርቱካን ልጣጭ። ሳሙና። የግቢው ባሕር ዛፍ። ዝናብ ባይኖርም ውሃ የጠጣ አፈር፣ አትክልተኛው ሲያጠጣ ሄጄ ቆምኩ። ላምባ። የራሔል እጅ፣ አልኮል። የአባባ ካፖርት፣ አንገቱ ሥር፤ ስንት ዓመት ታጥቦም የባቡር ዘይት አልለቀቀውም። ምን ታደርጊያለሽ አሉኝ። ዝም ይበሉ፣ እየተማርኩ ነው አልኳቸው።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

አለሁ።

ዛሬ ነው እስኪርቢቶ የሰጡኝ። ራሴ በፋሻ፣ ጭኔ በፋሻ። አባባ ሁዳዴ ገብቶ ይጾማሉ፣ ብርቱካን ግን ለኔ ይልጡልኛል። አፍንጫዬ ሥር ያዙልኝ። ምንም። ጣፋጭ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ሽታ የለውም። አባባ ጠበቁኝ። ይሸታል? ራሴን ነቀነቅሁ፣ አይሸትም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ቀዶ ሐኪሙ መጡ፣ ጎንበስ በዪ አሉኝ። ፈራሁ። ጎንበስ አልኩ። ሰዓታቸውን ይዘው ቆጠሩ። ራሔልም ሥራዋን ትታ መጥታ በር ላይ ቆማለች። ደረቅ። እንደገና፣ ረዘም ላለ ጊዜ። ደረቅ! ቀዳዳው ጥጡ በተናገረበት ቦታ ነበር፣ ብዙ ሳንፈልግ አገኘነው አሉኝ።

ሽታዬን ሰጥቼ ራሴን ወሰድኩ። ንግዱ አይከፋም። አንዳንድ ሰዓት ግን ይከፋኛል፣ ዛሬ ከፍቶኛል።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ፣ ናዝሬት

ወደ ሥራ። በሻሽ። ጠረጴዛዬ የለም። ታይፔን ለሌላ ሰጥተውታል፣ እኔ መጋዘን ውስጥ የጆንያ ቁጥር እንድመዘግብ ተመድቤአለሁ። የማዳበሪያ መጋዘን ነው፣ ሰው ሁሉ ከሽታው የተነሣ አፍንጫውን ይይዛል። እኔ አልያዝኩም። ሳቄ መጣ፤ መጋዘን ጠባቂው ያበድኩ መሰለው።

ዘርፌ በምሳ ሰዓት ተደብቃ መጣች። ዋናው መ/ቤት በደብዳቤዬ ላይ ማብራሪያ ጠይቋል። ጓድ ደምሴ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ላይ ሲጮኽ ነው የሰነበተው። ሻሼን አየችና ስንት ስፌት ነው አለችኝ። አልቆጠርኩም አልኳት። እጄን ጨብጣኝ ሮጣ ሄደች።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

ጓድ ደምሴ አስጠራኝ። አልጮኸም። ወንበር ሳበልኝ፣ ይኼ ነው ያስፈራኝ። አንድ ገጽ አቀረበልኝ፣ በታይፕ የተመታ፤ የማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ዘርፌ «ነው»ን ሁልጊዜ ከአራት ነጥቡ ጋር ታጣብቃለች። ርእሱ «ግለ ሂስ»። ያለ ፈቃድ ሥራ ጥዬ ሄጃለሁ። በመኪናው አደጋ ጉዳት አልደረሰብኝም፣ በሽታው የቆየ ነው። ለዋናው መ/ቤት የጻፍኩት በግል ጥላቻ ነው።

ሰኞ በጠቅላላ ስብሰባ ታነቢዋለሽ፣ ትፈርሚበታለሽ። ታይፕሽ ይመለስልሻል፣ ነገሩ እዚህ ይቆማል። ካልሆነ ጉዳይሽ በመ/ቤት ደረጃ የሚያልቅ አይደለም። ይህን ያለው በለስላሳ ድምፅ ነው።

ያለ ፈቃድ መሄዴ እውነት ነው አልኩት፣ እሱን እፈርማለሁ። ሁለቱን መስመሮች ይሰርዙ። እስከ ሰኞ አስቢበት አለኝ።

መጋቢት 13፣ እሑድ፣ ከሰ.

ለአባባ ወረቀቱን አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ «ፈርሚ» አሉ።

ጆሮዬን አላመንኩም። ሞጆ ላይ ለወታደሩ ወረቀት የዘረጉት ሰው። እስኪርቢቶውን ለኔ ያሳለፉት ሰው። ለምን አልኳቸው። ተቆጣሁ፣ አባቴን ተቆጣሁ።

«አንድ ልጅ ነው የቀረኝ» አሉ።

ስለ ወንድሜ እስካሁን አልጻፍኩብህም ደብተሬ። ስለ ዳንኤል በቤታችን አይወራም። ከዓመታት በፊት፣ በዚያ በክፉው ጊዜ፣ ከትምህርት ቤት ደጅ ወሰዱት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ወረቀት ፈርም አሉት፣ አልፈርምም አለ፣ ይህን አብሮት ታስሮ የወጣ ልጅ ነው የነገረን። አባባ ለወራት በየእስር ቤቱ ደጅ ምግብ ይዘው ቆሙ። አንድ ቀን ምግቡን መለሱላቸው። በቃ። የመለሱላቸውን ሳህን ይዘው በእግራቸው ነው ወደ ቤት የመጡት። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርተው አያውቁም። ዛሬም አልጠሩትም።

ምን ልበላቸው? ጊዜው እንደዚያ አይደለም አልኩ። እንዴት አወቅሽ አሉኝ። አላውቅም። እውነቱን ነው፣ አላውቅም።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጃቸውን ያዝኩ፣ ቀዝቅዟል።

መጋቢት 14፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡40

ተነሣሁ። ታጠብኩ። ሐሳቤ ጠርቷል።

ያለ ፈቃድ ሄጃለሁ፣ እሱን ቆሜ እናገራለሁ። ቅጣት ካለው ይቅጡኝ። ሁለቱን መስመሮች አልፈርምም። በመኪናው አደጋ አልተጎዳሁም ብዬ ከፈረምኩ ራሔል የቆጠረችው ውሸት ነው፣ ዶ/ር መስፍን የቀደደው ወረቀት እውነት ነው፣ እኔ አሻጥረኛ ነኝ። አይደለሁም። ወንድሜ ያልፈረመው ወረቀት ምን ይል እንደነበር አላውቅም። የኔን ግን አንብቤዋለሁ።

ለአባባ እንዴት እንደምነግራቸው እያሰብኩ ወደ ሳሎን ወጣሁ። ተላጭተዋል። ክራባት አስረዋል። ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

የት ነው አልኳቸው።

«ስብሰባው ጠቅላላ አይደለም እንዴ?» አሉ። «ከኋላ እቀመጣለሁ።»

«ፈርሚ» ብለውኝ አልነበር? አልኳቸው። ብያለሁ አሉ፣ አሁንም እላለሁ። ግን የምትፈርሚ አትመስዪም፣ ታዲያ ብቻሽን አትሄጂም።

ደብተሬ፣ አልፈርምም። ጻፍኩት። ጋሪው ደጅ ቆሟል፣ አባባ እየጠሩኝ ነው።